ራቭ ፎሬ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ይንኳኳብኛል፤ ቤንዚኑ ይሆን?

የደብረ ብርሃኑ አባወራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆቹ 2007 የተሠራች፣ ከአሜሪካ የገባች 2.4 ራቭ ፎር አለችኝ። ባለፈው እሁድ ሸዋ ሮቢት ክርስትና ውለን ስንመለስ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ እናቴ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ኬሻ ሽንኩርት። ሙቀቱ አይጣል ነው። ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ምጣድ ላይ ሽምብራ ሲቆላ ዓይነት ድምፅ አወጣ። ስረግጥ ይብሳል፣ ስለቅ ይጠፋል። እናቴ «ልጄ፣ መኪናህ ቆሎ ትቆላለች እንዴ?» አለችኝ። የጣርማ በርን ዋሻ ካለፍን በኋላ ጭራሽ ጠፋ። መመሪያው «87 ኦክቴን» ይላል፤ የአማቼ የዱባይ መኪና ክዳኑ ላይ ግን 95 ተጽፎበታል። እኛ ማደያ የምንጠየቀው ቤንዚን ወይስ ናፍጣ ብቻ ነው። ኦክቴን ይጨምራል የሚባለውን ጠርሙስ ልግዛ?

ባለጋራዡ፦
ገንዘብህን ያዝ። የአሜሪካ 87 እና ሌላው ዓለም ሮን ብሎ የሚጽፈው 91 ያው ናቸው፤ አለካኩ ነው የሚለያየው። ስለዚህ የአማችህ መኪና የሚበልጥህ በ4 እንጂ በ8 አይደለም። ኦክቴን ደግሞ ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ታምቆ ሲግል ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ እንዳይነድ የመቻል አቅሙ ነው። የሰማኸው ቆሎ እሱ ነው። ሮቢት ቆላ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ጭነትህ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። አሜሪካ ተራራማ አገሮቻቸው ላይ 85 የሚሸጡትም ለዚህ ነው። ግን ደህና ቤንዚን ይቺን ሞተር ሮቢትም ላይ እንዲህ አያስጮኻትም። ከየት ቀዳህ?

የደብረ ብርሃኑ አባወራ፦
እ... ማደያው ሰልፍ ነበር። መንገድ ዳር በሀይላንድ አምስት ገዛሁ። ባለቤቴ ተው ብላኝ ነበር።

ባለጋራዡ፦
አገኘናታ! ነጭ ጋዝ ሳይቀላቀልበት አይቀርም፤ ኦክቴኑን ገደል ነው የሚከተው። የተረፈ ካለህ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፤ ንጹህ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፣ ነጭ ጋዝ እድፉ ይቆያል። አሁን ከማደያ ፉል አስሞላና ይቅጠን። እስኪያልቅ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስ እንጂ አትርገጥ። መንኳኳቱን የሚሰማው የሞተሩ ሴንሰር የካንዴላውን ብልጭታ እያዘገየ ያድንሃል፣ ግን እሱም ልክ አለው፤ ፒስተን ከተመታ የሽንኩርቱ ዋጋ አይመልሰውም።

እመቤት ከሸኖ፦
የኔ ቱርቦ ሱዙኪ ነው፣ 95 ይላል። ደጋ ነን ብዬ ልናቀው?

ባለጋራዡ፦
አይሆንም እህቴ። ቱርቦ አየሩን ራሱ ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ የደጋው ስስ አየር ብዙም አያግዝሽም። ጭነሽ ዳገት ስትወጪ ቀስ በይ።

የደብረ ብርሃኑ አባወራ፦
አንዱ ሀይላንድ ሥር ትንሽ ቀርታ ነበር። ማታ ደብተር ወረቀት ላይ ጠብ አደረግኩ፤ ጠዋት ክቡ እንዳለ ነው። ወረቀቱን ባለቤቴ ሳታየው ቀድጄ ጣልኩት።