ድረ ገጻችን ለአካል ጉዳተኞች ይሆን እንደሆነ በምን ላረጋግጥ?

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ላለ ትንሽ ማሠልጠኛ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው፣ ሰው እዛው ፎርም ሞልቶ ይመዘገባል። አለቃዬ "ለአካል ጉዳተኞችም መሆኑን አረጋግጪ" ብሎኝ ሄደ። በላይትሃውስ (የጉግል ነፃ የድረ ገጽ መፈተሻ) ስፈትሸው ከ100 96 ሰጠኝ። በቃ? በጀት የሚባል ነገር የለም።

ሄኖክ፦ 96ቱ ደግ ነው፣ ግን ብዙም አትተማመኚበት። ላይትሃውስ ፎቶው ኮዱ ውስጥ የጽሑፍ መግለጫ እንዳለው ያያል እንጂ መግለጫው ትርጉም ይስጥ አይስጥ አያውቅም። "ምስል 1" ብትዪውም ያሳልፍሻል። ማውሱን ንቀይና በኪቦርዱ ታብ ቁልፍ ብቻ ከላይ እስከ "ላክ" ሂጂ። የት እንደደረስሽ ከጠፋብሽ፣ ወይም ቀን መምረጫው ውስጥ ገብተሽ መውጫ ካጣሽ፣ እጁ ማውስ የማይዝለት ሰውም እዛው ነው የሚቀረው።

ማርታ ዲዛይን፦ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ የምትወዱ ሰዎች ተዉን እባካችሁ። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲሆን የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት (ደብሊው ሲ ኤ ጂ ይሉታል) በመካከለኛው፣ በደብል ኤ ደረጃ፣ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ 3 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። ስህተትንም በቀይ ቀለም ብቻ አታሳዪ፣ በቃል ጻፊው።

ዳዊት፦ ዓይነ ስውር ነኝ፣ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ ነው፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም። ነፃ ስለሆነ አውርጂው፣ ሞኒተሩን አጥፊና ፎርምሽን ራስሽ ሙዪ። "ኤዲት ብላንክ" ብቻ ካለሽ ሳጥኑ ሌብል (ምን እንደሚሞላበት የሚናገር ስም) የለውም፤ ስም ይሁን ስልክ በምን ልወቅ? አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ የሮቦት ቢሆንም አማርኛ ያነባል። ግን ኮዱ አናት ላይ ቋንቋው አማርኛ መባል አለበት፣ ስንቱ ገጽ እንግሊዝኛ ተብሎ ቀርቷል መሰለሽ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ማስታወቂያ ነው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይለጥፉታል፣ ለኔ "ግራፊክ" ነው፣ አለቀ። አንዱ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ቀኑን እንዲህ ለጥፎት ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ለምኜ ነው ያስነበብኩት።

የአራት ኪሎዋ፦ የኛም ማስታወቂያ ሁሉ ስካን ነው 😬 አለቃዬ ደግሞ ያለ ማኅተም አይሆንም ይላል።

ዳዊት፦ ማኅተሙ ይቀመጥ፣ ማን ከለከለ። ከሥሩ ጽሑፉን ተይቢው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ግን ኮፒ አታድርጊ፣ ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ነው የሚወጣው።

ሄኖክ፦ ቪዲዮ ካለም መስማት ለተሳናቸው የአማርኛ ጽሑፍ ጨምሪበት። ካፕቻስ አላችሁ?

የአራት ኪሎዋ፦ አለን፣ ያ ጠማማ ፊደል ያለበት ምስል።

ዳዊት፦ እሱን ዛሬውኑ አውጪው።