የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ማስነቀል፦ ምን ልጠብቅ?

የወንጂ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ሲሆን አሁን የምኖረው አዳማ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሴ ከዓመት በፊት ተሸርፎ ነበር። ሕመሙ ሲነሣ ማስታገሻ እየዋጥሁ፣ ሲብስብኝ ደግሞ ቅርንፉድ እየነከስሁ ቆየሁና አሁን ተሰባብሮ ከድዱ እኩል ሆኗል። ራጁን ያየው ሐኪም ለመሞላት የሚበቃ አካል ስላልቀረው መነቀል አለበት ብሎ ለመጪው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀጥሮኛል።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች አሉ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ፊቴ አብጦ ጥርስ ሲነቀልልኝ ማደንዘዣው ሳይሠራ ቀርቶ የተሰማኝ ሕመም እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እናቴ ደግሞ የላይኛው ጥርስ ከዓይን ጋር ስለተያያዘ ብታስነቅለው ዓይንህን ያጠፋዋል እያለች አጥብቃ ትከለክለኛለች፤ ቃሏን አቃልዬ መሄድ ከብዶኛል። ረቡዕን ስለምጾም ሳልበላ መሄዴ ጉዳት ይኖረው እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። በመጨረሻም እንደ ብዙ የወንጂ ልጆች ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ይህ ጥርሱ እንዲሰበር ምክንያት ሆኖ ይሆን?

የጥርስ ሐኪም፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ከእናትዎ ልጀምር፤ ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለምና። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር መግል ሲቋጥር እብጠቱ ወደ ጉንጭና ወደ ዓይን ሥር ይወጣል፤ የዓይን ቆብ እስኪከደን ድረስ ያበጠ ሰው በየጊዜው እናያለን። ኢንፌክሽኑ ችላ ከተባለ ወደ ዓይን አካባቢ ሊዛመት ይችላል። ስለዚህ አደጋው ያለው የበሰበሰውን ጥርስ ማቆየት ላይ ነው እንጂ መንቀሉ ላይ አይደለም። የላይኛው ጥርስ ነርቭ የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ለማየት የሚያገለግለው የዓይን ነርቭ ግን ከእርሱ የተለየ ነው፤ ጥርሱ ሲነቀል አይነካም። እናትዎን ይዘዋቸው ቢመጡና ራጁን አብረው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

በልጅነትዎ ማደንዘዣው ያልሠራው እንደ ነገሩን ፊትዎ አብጦ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። መግል የያዘ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር መድኃኒቱ ወደ ነርቩ ዘልቆ መግባት ይሳነዋል። አሁን እብጠት ከሌለዎት ያ ሁኔታ ይደገማል ብዬ አልጠብቅም፤ ሆኖም ያኔ የደረሰብዎን ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ መደንዘዙን ሳያረጋግጥ እንዳይጀምርም ይጠይቁት። ማደንዘዣው የሚያስቀረው ሕመምን እንጂ ግፊትን አይደለም። ጥርስ እንደ ሚስማር ተጎትቶ አይወጣም፤ ሐኪሙ ወዲያና ወዲህ እየነቀነቀ የአጥንቱን ጎድጓዳ ያሰፋዋል፣ ጥርሱን ከአጥንት ጋር ያያያዘውንም ጅማት ይለያየዋል። ከባድ ግፊት ይሰማዎታል፤ የመንቋት ድምፅም በጆሮዎ ሊገባ ይችላል፤ አይደንግጡ። ስለታም ሕመም ከተሰማዎ ግን እጅዎን ያንሡ፤ ተጨማሪ ማደንዘዣ ይሰጥዎታል። የላይኛው መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር ስላለው፣ እንደ እርስዎ የተሰበረ ሲሆን ሥሮቹን ለያይቶ አንድ በአንድ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሥራው በማደንዘዣ መርፌ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ባዶ ሆድ አይመከርም፤ ራብና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ራሱን ይስታል። ጾምዎን እንዲሽሩ አልመክርዎትም፤ ቀጠሮውን ወደ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ያስለውጡት። ጠዋት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደሙ አልቆም ቢል ክሊኒኩ ሳይዘጋ መመለስ ይችላሉ።

ስለ ቡናማው ቀለም፦ ወንጂ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ በሆነባቸው ቦታዎች፣ ልጆች ጥርሳቸው በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ሲጠጡት ቀለሙ ይበላሻል፤ ሲከፋም የላዩ ሽፋን ይቦረቦራል፣ ይሸረፋል። የእርስዎ ጥርስ የተሸረፈው በዚህ መሆን አለመሆኑን ሳላየው አልፈርድም። ጥርስ ቡናማ ስለሆነ ብቻ ግን አይነቀልም፤ ይህን የምለው በቀለሙ አፍረው ጤነኛ ጥርስ ንቀሉልን የሚሉ ወጣቶች ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

የሦስት ልጆች እናት

እኔ ደግሞ ከነቀሉ በኋላ ስላለው ልንገርዎት፤ ያስለቀሰኝ እርሱ ነውና። የታችኛው መንጋጋዬ ሲነቀል ምንም አልተሰማኝም። የነቀሉልኝ ባለሙያዎች ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) አስነክሰው ሸኙኝ እንጂ ምን እንዳደርግ አልነገሩኝም። ቤቴ ገብቼ አፌ ደም ደም ሲለኝ በጨው ውኃ ደጋግሜ ተጉመጠመጥሁ፣ ተፋሁ፣ ትኩስ ቡናም ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን እስከ ጆሮዬ የሚወጋ ሕመም ያዘኝ፤ አፌም ሽታ አመጣ። ወደ ሌላ ሐኪም ስሄድ በጎድጓዳው ውስጥ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ባዶውን መቅረቱን ነገረኝ፤ አጥቦ መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ሲከትበት በዚያው ቀን ቀለለኝ።

ስለዚህ እባክዎ፣ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፣ ሲጋራም ሆነ አልኮል አይቅመሱ። የሚጠጡትንና የሚበሉትን ያብርዱት። እኔ ለብ ያለ አጥሚትና የምስር ሾርባ ነበር የያዝሁት፤ ቆሎ ግን ለብዙ ቀን አልነካሁም። የጨው ውኃው የሚጀመረው በማግስቱ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠው፣ ሳያንገጫግጩ አፍዎ ውስጥ ይዘው ያፍስሱት።

የአባቱ ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ የደም ግፊት አለባቸው፤ ሊነቀሉ ሄደው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ከ180 በላይ ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሙ ግፊትዎ ይስተካከል ብሎ መለሳቸው። እኔ ያኔ ተቆጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ትክክሉ እርሱ ነበር። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ቫልቭ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ይናገር። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በራሱ ፈቃድ አያቋርጠው።

የወንጂ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ጠዋት አስለውጫለሁ፤ እናቴም አብራኝ ልትመጣ ተስማምታለች። ጨጓራ ስላለብኝ ለሕመሙ ምን ብወስድ ይሻላል? ፀረ ተሕዋስያንስ ከፋርማሲ ገዝቼ ልያዝ?

የጥርስ ሐኪም፣ አዳማ

ለጨጓራ ሕመምተኛ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ሐኪምዎ ካላዘዘዎት አይውሰዱ። ጉበትዎ ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞሉን በየስድስት ሰዓቱ 1 ግራም መውሰድ ይችላሉ፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። የመጀመሪያውን ክኒን ማደንዘዣው ሳይለቅ ቢውጡት ሕመሙ ሳይበረታ ይደርስለታል። አሞክሳሲሊንን የመሰለ ፀረ ተሕዋስያን በራስዎ አይግዙ፤ ለጤነኛ ሰው አንድ ጥርስ ስለተነቀለ ብቻ አያስፈልግም።

ጎዙን 30 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ አጥብቀው ይንከሱ። ምራቅዎ እስከ ማግስቱ ቀላ ቢል አያስፈራም፤ አፍ የሚሞላ ደም ከሆነ ግን አዲስ ጎዝ ነክሰው ወዲያውኑ ይመለሱ። የላይኛው መንጋጋ ሥር ከአፍንጫ ጎን ላለው የአየር ክፍት ቦታ ቅርብ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት በኃይል አይናፈጡ፤ ሲያስነጥሱም አፍዎን ይክፈቱ። ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫዎ ከወጣ፣ ትኩሳት ከያዘዎት ወይም እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ነቀለዎት ሐኪም ይሂዱ።