ደንበኛዬ የአከራዬ ልጅ ሆና ተገኘች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ። ደሴ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ወር ቤት ቀየርኩ። የ6 ወር ኪራይ ከፍዬ ዕቃዬን ይዤ ስደርስ፣ በሩን የከፈተችልኝ ለ3 ወር የማማክራት ልጅ ናት። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ደሴ እንዲህ ናት፤ ፒያሳ ያጣኸውን ሰው ሸዋ በር ታገኘዋለህ።

እናቷ ደግ ሴት ናቸው። ትናንት ቡና ጠርተውኝ አቦሉን እየቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ አንተ ጋ ትመጣለች አሉ። ምን ሆንኩ ትልሃለች?» አሉኝ። ስኒውን የያዘ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «እትዬ፣ ማን እንደሚመጣ እንኳ ለመናገር ሙያዬ አይፈቅድልኝም» አልኩ። ዝም አሉ። እንደ እናት ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ ድርብ ግንኙነትን (ከደንበኛ ጋር ከምክሩ ውጪ ሌላ ትስስር መኖርን) ሁሉ አይከለክልም፤ ፍርዴን የሚያዛባ ወይም እሷን የሚጎዳ ከሆነ ግን ልርቅ ይገባል። ሌላ ባለሙያ ጋ ልላክሽ ስላት «ታሪኬን እንደገና ከምጀምር ይቅርብኝ» ብላ አለቀሰች።

ቤቱን ልልቀቅ ወይስ እሷን ላስተላልፍ? እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው።