ቅርፊቱ 40 ኪሎሜትር ነው የሚሉን ማን ወርዶ ለክቶት ነው?

ናቲ12፦ ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ሰሞኑን ሲከነክነኝ ነበር። የመሬት ቅርፊት ደጋው ስር ወደ 40 ኪሎሜትር ይወፍራል፣ ሰሜን አፋር ግን 16 ገደማ ነው ሲሉ ሰማሁ። እሺ፣ ግን ራሺያኖቹ ኮላ የሚባል ቦታቸው ላይ ስንት አመት ቆፍረው የደረሱት 12 ኪሎሜትር ከምናምን ነው፣ ታዲያ ያልደረሱበትን በምን ለኩት? ግምት ነው እንዴ?

ድንጋይ ወዳጁ፦ ግምት አይደለም ወንድሜ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በፈረንጆቹ 1909 ዛግሬብ አጠገብ መሬት ተንቀጠቀጠና ሞሆሮቪቺች የሚባል ሰውዬ (ቅርፊቱ የሚያልቅበት ወሰን በሱ ስም ነው ሞሆ የሚባለው፣ ሙሉውን ለመጥራት ምላስ ያስራል) የየመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያውን መዝገብ ሲያይ ራቅ ያሉት ላይ አንዱ ሞገድ ሁለቴ ደርሶ አገኘው። እንዴት መሰለህ፣ ከአዲስ ቃሊቲ ለሚወርድ ሰው ፍጥነት መንገዱ ምንም አያደርግለትም፣ አዳማ ለሚሄድ ግን ዞሮ ገብቶም ቢሆን በድሮው መንገድ የሄደውን ቀድሞት ይገኛል። ሞገዱም እንደዛ ነው፣ ቅርፊቱ ውስጥ በሰከንድ 6፣ 7 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ከቅርፊቱ ስር ያለው ድንጋይ፣ ማንትል የሚሉት ውስጥ ሲገባ ወደ 8 ይፈጥናል፣ እና በታች የዞረው ከየት ርቀት ጀምሮ እንደሚቀድም ካወቅክ ጥልቀቱን ታሰላዋለህ። እኛም አገር በ2003 (በነሱ) ስምጥ ሸለቆው ላይ ፈንጂ ቀብረው እያፈነዱ ከሺ በላይ መሳሪያ ደርድረው ለክተዋል፣ መንቀጥቀጥ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል 😂

ሜሪ፦ ከስሩ ያለው የቀለጠ ድንጋይ ነው አይደል? አፋር ስለሳሳ ነዋ ኤርታሌ የሚፈላው

ድንጋይ ወዳጁ፦ ኧረ አይደለም ሜሪ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚሳሳተው። ማንትል ጠጣር ድንጋይ ነው፣ ከሞላ ጎደል። አፋር ላይ መሬቱ እየተለጠጠ ሲሳሳ የጋለው ማንትል ወደላይ ይነሳል፣ ሲነሳ የተጫነው ክብደት ይቀንስለታል፣ ያኔ ነው ትንሽ ትንሹ የሚቀልጠው። ሙቀት ተጨምሮበት ሳይሆን ጫናው ቀሎለት ማለት ነው።

ናቲ12፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን ማንትሉን በእጁ የነካው ሰው የለም ማለት ነው?

የቦረናዋ፦ አለ እንጂ! እኛ ቦረና ሜጋ አካባቢ እሳተ ገሞራ ይዞት የወጣ የማንትል ድንጋይ አለ፣ ጥቁሩን ስትፈልጠው ውስጡ አረንጓዴ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ኦሊቪን ይሉታል

ናቲ12፦ ሜጋ አክስት አለችኝ፣ ዛሬውኑ ነው የምደውልላት