ልጄ ይህን ልብ ወለድ በትምህርት ቤት ታንብብ ወይስ ይቅርባት?

የ13 ዓመት ልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ወገኖቼ እንደምን አላችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የአንጂ ቶማስን «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» በክፍል ሊያነቡ ነው። ያልፈለገ ወላጅ ወረቀቱን ፈርሞ ከመለሰ ለልጁ ሌላ መጽሐፍ ይሰጡታል። ላላነበባችሁት፦ ስታር የምትባል የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ከጓደኛዋ ከኻሊል ጋር ከፓርቲ ስትመለስ ፖሊስ ያስቆማቸዋል። ልጁ መሣሪያ አልያዘም። መኪናው ውስጥ የነበረው የፀጉር ብሩሽ ነው። ፖሊሱ ሽጉጥ መሰለኝ ብሎ ይገድለዋል። ያየችው እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ «አይሆንም» ብሏል። የእኔ ልብ ግን ሁለት ሆኗል።

የሦስት ልጆች አባት፣ አሌክሳንድሪያ
ባልሽ ልክ ነው። እኔ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አይቼዋለሁ። ስድቡ ብቻ ይበቃል። ደግሞስ ልጆቻችን ቀና ብለው እንዲሄዱ አይደል የደከምነው? በ13 ዓመቷ «በቆዳሽ ምክንያት ይገድሉሻል» ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ታሪኩም የእነሱ ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ሚኒያፖሊስ
ወንድሜ፣ ስድቡን የጠላኸው አንተ ብቻ አይደለህም። በ2017 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ የኬቲ አካባቢ ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያነሱት በስድቡ አሳበው ነው። በ2018 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የፖሊሶች ማኅበር አንድ ትምህርት ቤት በክረምት ንባብ ዝርዝሩ ውስጥ በማካተቱ ተቃወመ። ልጆች ፖሊስን እንዳያምኑ ያደርጋል አሉ።

ግን ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ያመለጠህ ነገር አለ። የስታር አጎት ካርሎስ ራሱ ፖሊስ ነው። አባቷ እስር ቤት ሳለ እንደ አባት የሆነላት እሱ ነው። በሥራ ባልደረባውና በእህቱ ልጅ መሀል ሲጨነቅ ታየዋለህ። ፖሊስን ጭራቅ ለማድረግ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ደራሲዋ እሱን ለምን አመጣችው?

ታክሲ የሚነዳ፣ ዲሲ
እኔ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆመን ምን እናደርጋለን? ወረቀታችንን ይዘን ከመኪና ወርደን ወደ እሱ እንሄዳለን። አክብሮት ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሹፌር ጥጋበኛ ነው የሚባለው።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ማታ ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። እንደ ልማዴ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። መንጃ ፈቃዴን ላወጣ እጄን ወደ ኋላ ኪሴ ሰደድኩ። ሰውየው ጮኸ። እንግሊዝኛው አልገባኝም። ልስማው ብዬ ጠጋ አልኩ! እጁ ወገቡ ላይ ነበር። ከኋላ የነበረው ሁለተኛው ፖሊስ በእጁ «ተመለስ፣ ተቀመጥ» እያለ ምልክት ባያሳየኝ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። እስካሁን እንቅልፌ ላይ ይመጣብኛል። የተቀበለኝ ዘመድ ሁሉ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲና ስለ ክሬዲት መክሮኛል። ከመኪና አትውረድ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

መምህርቷ
ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ይኸው ነው እኮ። ስታር 12 ዓመት ሲሆናት ወላጆቿ አስቀምጠው ሁለት ምክር ይመክሯታል። አንዱ ስለ ወንድና ሴት ነገር ነው። ሌላው ፖሊስ ሲያስቆም ስለሚደረገው። እጅሽ ይታይ፣ ድንገት አትንቀሳቀሺ፣ ሲያናግሩሽ ብቻ ተናገሪ። ጥቁር አሜሪካውያን «ዘ ቶክ» ይሉታል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። የእኛ ልጆች ከማን ይስሙት? እኛ ራሳችን አልሰማነውም።

አባትየው፣ አሌክሳንድሪያ
ምክሩን እኔ በአምስት ደቂቃ እነግራቸዋለሁ። ለእሱ ከ400 ገጽ በላይ ምን ያደርጋል?

መምህርቷ
ነግረሃቸዋል?

አባትየው፣ አሌክሳንድሪያ
ገና ነው።

ጡረተኛ፣ ፖርትላንድ
«የእኛ ታሪክ አይደለም» ላልከው፣ ልጄ፣ ሙሉጌታ ሥራው የሚባለውን ልጅ ታስታውሳለህ? በኖቬምበር 1988 እዚህ ከተማ ራሳቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ለትምህርት የመጣ የእኛ ልጅ ነው። ሲመቱት ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቁትም።

አባትየው፣ አሌክሳንድሪያ
ነፍሱን ይማር። ግን አባባ፣ እሱን የገደለው ፖሊስ አይደለም። ገዳዮቹን የያዘው ነው ፖሊስ።

ጡረተኛው
እሱስ እውነትህን ነው። እኔ የመለስኩት ለ«የእኛ አይደለም» ነው።

እናት፣ ሃይፋ
እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ ልግባ። በጁን 2019 ኪርያት ሐይም ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ወጣት ሰለሞን ተካን ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። የእኛ ወጣቶች በየከተማው መንገድ ዘጉ። ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔም ብዬ ብዬ ሲደክመኝ «ይርሳው» ብዬ ተውኩት። ልማዳችን አይደል? መርዶ በማለዳ ለአዋቂ ይነገራል። ልጅ ከለቅሶ ቤት ይርቃል፤ ጎረቤት ጋ ይላካል። እሱ ግን ሁሉንም ስልኩ ላይ አይቶታል፤ ቪዲዮ በቪዲዮ።

ይህን መጽሐፍ ሳነብ ያስለቀሰኝ ተኩሱ አይደለም። ስታር ከቀናት በኋላ እነዚያ ሀብታም ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሄዳ ምንም እንዳልሆነ ሰው መምሰሏ ነው። ሟቹን አላውቀውም ትላቸዋለች። ልጄ ያኔ ትምህርት ቤት ሲከፈት ምን እያለ እንደዋለ አሁን ነው የጠየቅኩት። «ዝም ነበር ያልኩት» አለኝ።

ጠያቂዋ
እህቴ፣ አስለቀስሽኝ። ትናንት ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት። ባለቤቴ በድምፅ የተነበበውን መኪና ውስጥ እየሰማ ነው። ማታ ሲገባ «አጎትየው ፖሊስ ነው እንዴ?» አለኝ። ገና አልተስማማም። ስድቡ ሲመጣ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ብቻውን ሆኖ!

ወረቀቱ የሚመለሰው ዓርብ ነው። እስካሁን አልፈረምኩም።

አባትየው፣ አሌክሳንድሪያ
እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ትልቁ ልጄ መንዳት እየተለማመደ ነው፣ ቅዳሜ አብሬው እወጣለሁ። ጋሼ ታክሲ፣ እጅ መሪው ላይ ሆኖ፣ መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? በእንግሊዝኛው ጻፍልኝ።