ወደ ጣሊያን በቤተሰብ ጥምረት ስሄድ የሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና የሕክምና ሰነዶቼን እንዴት ላዘጋጅ?

ጥያቄ፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ቦሎኛ ውስጥ በሕጋዊ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ እኔን ለመውሰድ የጠየቀው ኑላ ኦስታ (ቤተሰብን ለማስመጣት የሚሰጠው ፈቃድ) በቅርቡ ወጥቶልናል። የስኳር ሕመም ስላለብኝና ኢንሱሊን ማቋረጥ ስለማልችል፣ ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ የሶጆርኖው ካርድ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ በመንግሥት ሕክምና መታከም እችል እንደሆነ አለማወቄ ነው። ጋብቻችን የተፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የጋብቻው ወረቀት የልደት ቀኔን በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቴ ደግሞ በፈረንጆቹ ይገልጸዋል፤ የአባቴ ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በአንድ ፊደል ይለያያል። ይህ እንቅፋት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፣ ከሀዋሳ

እህቴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃዎትም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው የምስክር ወረቀት ይውሰዱ፤ ወረቀቱ ተረጋግጦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ካረፈበት በኋላ ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሞ ለኤምባሲው ይቀርባል። ሲመዘገቡ ስምዎን ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ያስጽፉ። ሐምሌ 5 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ቀን 1993 ነው፤ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ የሚተው ጸሐፊ ስለሚያጋጥም ወረቀቱን ከመቀበልዎ በፊት እዚያው ቆመው ያንብቡት። ኑላ ኦስታው የሚያገለግለው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወራት ብቻ ስለሆነ ዛሬ ነገ አይበሉ።

መልስ፣ ከቦሎኛ

የሀዋሳው ወንድማችን የነገሩዎት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱን ላክልበት። እዚህ አገር ያለ ኮዲቼ ፊስካሌ (የግብር መለያ ቁጥር) ሐኪም ዘንድ መመዝገብም ሆነ የባንክ ሂሳብ መክፈት አይቻልም። ይህ 16 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ የሚሰላው ከቤተሰብ ስም፣ ከራስ ስም፣ ከጾታ፣ ከልደት ቀንና ከትውልድ አገር ነው። ለሴቶች በልደቱ ቀን ላይ 40 ይደመራል፤ በ12 የተወለደች ሴት መለያዋ ላይ 52 ይጻፋል። ስለዚህ አንዲት ፊደል ወይም አንድ ቀን ስትዛነፍ ሌላ መለያ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ቢሮ የሚያውቅዎት በአንድ መለያ፣ ሌላው በሌላ መለያ ይሆናል፤ ማስተካከሉም ከባድ እንግልት አለው።

እንደገቡ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ በፕሬፌቱራ (የመንግሥት የአውራጃ ጽሕፈት ቤት) ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ መስኮት ይቅረቡ። የሶጆርኖ ማመልከቻው 16 ዩሮ ዋጋ ያለው ማርካ ዳ ቦሎ (የቀረጥ ቴምብር) ተለጥፎበት በፖስታ ቤት ይላካል፤ ለጣት አሻራ ወደ ክዌስቱራ (የፖሊስ ጽሕፈት ቤት) የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ፖስታ ቤቱ የሚሰጥዎትን ደረሰኝ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። በቤተሰብ ጥምረት የገባ የትዳር ጓደኛ ካርዱ እስኪወጣ ሳይጠብቅ፣ ይህን ደረሰኝ፣ ቪዛውንና ኮዲቼ ፊስካሌውን ይዞ በአካባቢው የጤና ድርጅት በነፃ ይመዘገባል፤ የቤተሰብ ሐኪሙንም ያኔውኑ ይመርጣል። ቴሴራ ሳኒታሪያው (የጤና ካርዱ) በኋላ ይደርስዎታል።

የስኳር ሕመም በቁጥር 013 ከክፍያ ነፃ ከሚያደርጉት ሕመሞች አንዱ ስለሆነ፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ካረጋገጠልዎ ከሕመሙ ጋር ለተያያዙ ምርመራዎች ‹ቲኬት› የሚባለውን ክፍያ አይከፍሉም። ከአዳማ ሲነሱ ሐኪምዎ የኢንሱሊኑን ዓይነትና መጠን በእንግሊዝኛ የጻፈበት የሕክምና ማጠቃለያ ይያዙ፤ የመድኃኒቱ የንግድ ስም እዚህ ሊለይ ስለሚችል ዋናው የመድኃኒት ስም ይጻፍበት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ኢንሱሊንም በእጅ ሻንጣዎ ይሁን፤ በአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል ቢቀዘቅዝና በረዶ ቢሠራ ይበላሻል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ67 ዓመት እናቴን ወደፊት ለመውሰድ ብናስብ ለእርሷም ምዝገባው በነፃ ይሆናል?

መልስ፣ ከቦሎኛ

አይሆንም። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ወላጆች በዚህ መንገድ ሲመጡ የጤና መድን መግዛት ወይም ከፍለው በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ለእናትዎ ኑላ ኦስታ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህንን ወጪ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉት።