ምግብ ሳልቀንስ በእግር መሄድ ብቻ ቦርጭ ያጠፋል?

የዳሞት ልጅ፦
እንዴት ናችሁ ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያደግኩት ደምበጫ ገጠር ነው፣ አሁን ባህር ዳር ቢሮ ነው የምሰራው። ድሮ ሶስት እንጀራ ጥርግ አድርጌ በልቼም አልወፍርም ነበር፣ አሁንም የምበላው ያው ነው ግን ቦርጬ ሸሚዝ አላስቆልፍ ብሏል። ቢኤምአይህ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዘን የሚወጣው ቁጥር) 31 ነው ተባልኩ። አባቴ ከኔ በላይ ይበላል ግን ሸንቃጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር በእግሬ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ምግቤን ሳልነካ ይበቃኛል ወይ?

በዛዊት፦
ወንድሜ አባትህ እኮ ሞፈር ይዞ ከበሬ ኋላ ሲመላለስ ነው የሚውል፣ ያጭዳል ይወቃል ገበያም በእግሩ ነው፣ አንተ ደግሞ ከባጃጅ ወርደህ ወንበር ላይ። የምትበላው ሳይቀንስ የምታወጣው ከቀነሰ ትርፉ ስብ ይሆናል። መሄዱን ጀምር፣ ግን ብቻውን ይከብዳል። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ብትሄድ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ብታወጣ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ገደማ አለው።

ማርቆስ ነርስ፦
ትክክል ነው። ዘይቱን ማንም አይቆጥረውም እኮ! ሽሮው ሲቀርብ ዳር ዳሩን እዩት፣ ዘይቱ ቀልቶ ተንሳፎ እንጀራው ይመጠዋል። ፆም ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ቅቤው ቀረ ተብሎ ዘይት በጭልፋ ይጨመራል፣ እስከ 9 ሰዓት ተፁሞ ማታ ተደራርቦ ተበልቶ ወዲያው መኝታ። ለስላሳም ተው፣ አንዱ 300 ሚሊ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፣ ከዛ ላይ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ። ሰው ሲወፍር "ተመቸህ፣ አማረብህ" ማለታችን በጣም ያናድደኛል፣ ስንቱ ደም ግፊት ይዞት ሳያውቅ ይሄዳል። ቢኤምአይህ 30 ካለፈ ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ በናትህ፣ ከክብደትህ 5 በመቶ እንኳ ብትቀንስ ለሁለቱም ይጠቅማል።

የዳሞት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እለካለሁ። ግን የምንበላው ባንድ ትሪ ነው፣ ስንት እንደበላሁ እንዴት ልወቅ? ሽሮውስ ዘይት ቀንሶ ይጣፍጣል?

ማርቆስ ነርስ፦
ድርሻህን መጀመሪያ ለብቻ አስወጣ፣ ጎመንና ምስር ይብዛበት እንጀራው ይቀነስ። ሽሮውን ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ አብስሉት፣ ዘይቱን ከጀሪካን ሳይሆን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ካልሰሰታችሁ ይጣፍጣል።